የቁም እንስሳት ወደ ውጭ አገር ሲላኩ የሚጠየቀው የጤና ማረጋገጫ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የቦረና ኮርማ፣ የኦጋዴን ጥቁር ራስ በግ፣ የአፋር ፍየልና የቆላው ግመል በሳዑዲ ዓረብያ፣ በየመን፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በግብፅ ገበያዎች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ እንስሳቱ የቱን ያህል የሰቡና መልካቸው ያማረ ቢሆን፣ የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ከሌላቸው መርከብ ላይ አይወጡም። ቢወጡም በሚራገፉበት ወደብ ሊመለሱ ይችላሉ። የተመለሰ መርከብ ኪሣራ ደግሞ ዞሮ ዞሮ እንስሳውን ካረባው ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ብዙ ጊዜ የጤና ማረጋገጫ ሲባል ወደብ ላይ በመጨረሻው ቀን የሚጻፍና የሚታተም ወረቀት ተደርጎ ይታሰባል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ወረቀቱ የሚፈረመው መጨረሻ ላይ ቢሆንም፣ በላዩ የሚሰፍረው ነገር ሁሉ የሚሠራው ቀደም ብሎ ነው፤ ይኸውም በመንደር፣ በግጦሽ ቦታና በውኃ ማጠጫ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ተቀባይ አገሮች ምን እንደሚጠይቁ፣ ለምን እንደሚጠይቁና የልማት ሠራተኛውና ማኅበሩ በበኩላቸው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ለማስረዳት ተዘጋጅቷል። የእንስሳት ሐኪሙን ሥራ ለመተካት የታሰበ አይደለም፤ ሐኪሙ ያለ ማኅበሩ እርዳታ ሊሠራው የማይችለውን ክፍል ለይቶ ለማሳየት ነው።

ተቀባይ አገሮች ለምን የጤና መመዘኛ ያወጣሉ?

በሽታ ከእንስሳ ጋር ድንበር እንደሚሻገር ከእኛ ይበልጥ የሚያውቅ አገር ጥቂት ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ አገር በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች አማካይነት የከብት ደስታ የተባለው በሽታ ወደ አገራችን ገባ። በሽታው ከብቱን አብዛኛውን ጨረሰው። የሚጠመድ በሬ ጠፋ፣ ማሳው ጦም አደረ፤ ከድርቁና ከአንበጣው ጋር ተዳምሮም እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚነገረው ረኃብ ደረሰ። ይህ ሁሉ የመጣው ሳይመረመሩ ከመርከብ በወረዱ እንስሳት ነው።

ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1920 ከህንድ ተነሥተው ወደ ብራዚል ይጓዙ የነበሩ ከብቶች በቤልጅግ አንትወርፕ ወደብ በኩል ሲያልፉ ያንኑ የደስታ በሽታ ለአውሮፓ ከብት አስተላለፉ። በዚህ የተደናገጡ 28 አገሮች እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ተሰብስበው ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ይህ ድርጅት ስለ እንስሳት ንግድ የሚያወጣው ደንብ ዛሬ አብዛኞቹ ገዥ አገሮች መመዘኛቸውን የሚመሠርቱበት ነው።

የደስታ በሽታ በብዙ ዓመት የክትባትና የክትትል ሥራ ከምድር ጠፍቷል። አገራችን ከበሽታው ነፃ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ዓለም በሙሉ ነፃ መሆኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ተረጋግጧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ይህ ነፃነት የተገኘው በክትባት ብቻ አልነበረም። ክትባቱ ከቆመ በኋላ ለዓመታት በየመንደሩ እየተዞረ፣ ደም እየተወሰደና ጥርጣሬ ሁሉ እየተመረመረ በሽታው እንደሌለ በማስረጃ መታየት ነበረበት። «የለም» ማለት ብቻ አልበቃም።

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ያስተማረው ትምህርት

ከላይ የተባለውን የሚያጠናክር ሌላ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ጣለ። ይህንኑ ተከትሎ በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሽታው ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲ ዓረብያና በየመን ታየ፤ በሁለቱ አገሮች ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ የቁም እንስሳትን አገዱ። እገዳው እንደየአገሩ ቢለያይም በአንዳንድ ቦታ ለዓመታት ቆይቷል።

በዚያን ጊዜ በሽታው በኢትዮጵያ መንጋዎች ውስጥ መነሣቱ አልተረጋገጠም ነበር። ቢሆንም የሶማሌና የአፋር አርብቶ አደሮች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ገበያቸውን አጡ። ለዓረፋ በዓል የደረሰው በግ በረት ውስጥ ቀረ፤ ዋጋው ወረደ፤ ከእንስሳት ሽያጭ እህል የሚገዛው ቤተሰብ ተቸገረ። ገዥው አገር በእያንዳንዱ ወረዳ ምን እንዳለ የሚያሳይ በቂ መዝገብ ካልቀረበለት፣ ጤነኛውን ከበሽተኛው ለይቶ ለመግዛት የሚያስችለው መንገድ የለውም። ስለዚህ አካባቢውን በሙሉ ይዘጋል።

ከዚህ የምንማረው የሚከተለውን ነው። ገዥ አገር በሽታ የሚባል ነገር ፈጽሞ የሌለበትን አገር ፈልጎ አይደለም የሚገዛው፤ እንዲህ ያለ አገር አያገኝም። የሚገዛው በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ አውቆ ከሚናገር አገር ነው።

በዋናነት የሚጠየቁት በሽታዎች

መመዘኛው እንደ ገዥው አገር፣ እንደ እንስሳው ዓይነትና ለእርድ ወይም ለእርባታ እንደ መሆኑ ይለያያል። ስለዚህ ማንኛውም ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት የገዥው አገር የጊዜው መመዘኛ ከእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት። ከዚህ በታች የዘረዘርናቸው ግን ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጋር የተጻፈው የቀን ቁጥር በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት በሽታው በእንስሳው ውስጥ ተሸሽጎ ወይም ተላላፊ ሆኖ ሊቆይ የሚችልበት ጊዜ ነው።

1. አፍተግር (14 ቀን)። የቀንድ ከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ ነው። ልጋግ ማዝረብረብ፣ በአፍና በሰኮና መካከል ውኃ መቋጠርና ማንከስ ምልክቶቹ ናቸው። ያደገ ከብት ብዙ ጊዜ ስለማይገድል አርቢው ያቃልለዋል። ለገዥ አገር ግን ከሁሉ አስፈሪ ከሚባሉት አንዱ ነው። የበሽታው ተሕዋስ ብዙ ዓይነት ያለው ስለሆነ ለአንዱ ዓይነት የተሰጠ ክትባት ከሌላው አያድንም።

2. የከብት ሳንባ በሽታ (6 ወር)። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ክሳት ያስከትላል። የዳነ የመሰለ ከብት በሳንባው ውስጥ በሽታውን ሸፍኖ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

3. የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ (21 ቀን)። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ያመጣል። ክትባቱ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል። ዓለም ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ዕቅድ ይዟል።

4. የበግና የፍየል ፈንጣጣ (21 ቀን) እና የፍየል ሳንባ ምች (45 ቀን)።

5. የከብት የቆዳ ጉርብርብ (28 ቀን)። በቆዳ ላይ ጠጣር እብጠት ያወጣል፤ ከሥጋውም ሌላ ቆዳውን ያበላሻል።

6. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት (14 ቀን)። በትንኝ ይተላለፋል። ከከባድ ዝናብ በኋላ በጎች በጅምላ ሲጨነግፉና ግልገሎች በብዛት ሲሞቱ ሊጠረጠር ይገባል። ወደ ሰውም ይተላለፋል።

7. የውርጃ በሽታ ወይም ብሩሴሎሲስ። ለወራት ያለ ምልክት ስለሚቆይ በደም ምርመራ ካልሆነ አይታወቅም። ይህም ሰውን ይይዛል።

የቀኑን ቁጥር ያስቀመጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንስሳት በኳራንቲን ጣቢያ ለተወሰነ ቀን ተለይተው የሚቆዩት የተሸሸገው በሽታ ራሱን እንዲያሳይ ነው። ነገር ግን ስድስት ወር የሚሸሸገውን የሳንባ በሽታ በ21 ቀን ኳራንቲን ማግኘት አይቻልም። ያንን ክፍተት የሚሞላው የደም ምርመራና እንስሳው የተነሣበት መንደር ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቀው ደግሞ ወደብ ላይ ያለው ሐኪም አይደለም፤ ማኅበሩና የልማት ሠራተኛው ናቸው።

የጤና ማረጋገጫው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

ሀ/ በመንደር። የሚላኩት እንስሳት ካለፉት ወራት ወዲህ ከላይ የተዘረዘሩት በሽታዎች ካልታዩበት አካባቢ ይመረጣሉ። ክትባት ከመጓጓዛቸው ቀደም ብሎ ይሰጣል። ክትባት በተሰጠ ማግስት አይሠራም፤ የእንስሳው ሰውነት የመከላከያ ኃይል እስኪያበጅ በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ለ/ መለያ ማድረግ። እያንዳንዱ እንስሳ በጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል። ከዚህ በኋላ ክትባቱም፣ የደም ናሙናውም፣ ወረቀቱም የሚጠቅሰው ይህን ቁጥር ነው። ቁጥር የሌለው እንስሳ ምርመራ ቢደረግለትም ውጤቱ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም።

ሐ/ ጉዞ ወደ ኳራንቲን። መኪናው ከመጫኑ በፊት ታጥቦ በመድኃኒት ይጸዳል። በመንገድ ላይ ሌላ እንስሳ አይጨመርም። በእግር የሚነዱ ከሆነ በበሽታ በተጠረጠረ ቀበሌ ባለ ውኃ እንዳይጠጡ መንገዱ አስቀድሞ ይመረጣል።

መ/ በኳራንቲን ጣቢያ። በሚሌና በጅግጅጋ ጣቢያዎች ተሠርተዋል፤ በጅቡቲም በዳመርጆግ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጣቢያ አለ። እንስሳቱ በየቀኑ ይታያሉ፣ ደም ይወሰዳል፣ ገዥው አገር የጠየቀው ምርመራ ይደረጋል። አንድ ቡድን ከገባ በኋላ አዲስ እንስሳ ቢቀላቀል የቀኑ ቆጠራ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

ሠ/ ወረቀቱን መፈረም። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የእንስሳቱን ዓይነት፣ ጾታ፣ ብዛትና ቁጥር፣ የተነሡበትን ቦታ፣ የተሰጠውን ክትባትና የምርመራውን ውጤት ጽፎ ይፈርማል። ፊርማው የእርሱ ይሁን እንጂ በወረቀቱ ላይ ከሰፈረው ግማሹን ያህል ራሱ አላየውም፤ ከመንደር የመጣለትን መዝገብ አምኖ ነው የሚፈርመው።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ

አንደኛ፣ መዝገብ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና እርሳስ ነው። የባለቤቱ ስም፣ የእንስሳው ቁጥር፣ የተከተበበት ቀን፣ የክትባቱ ዓይነትና በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይመዝገብ። ክትባት በደም ውስጥ የሚተወው ምልክት በአንዳንድ ምርመራ ከበሽታው ምልክት የማይለይበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ የክትባቱ መዝገብ ከሌለ ጤነኛው እንስሳ እንደ በሽተኛ ተቆጥሮ ይጣላል።

ሁለተኛ፣ የክትባት ቅዝቃዜ። ከቢሾፍቱ የሚመጣው ክትባት ቅዝቃዜውን እንደ ጠበቀ እስከ መንደር መድረስ አለበት። በፀሐይ የዋለ ብልቃጥ ውኃ ነው። ማኅበሩ ከብቱን በማለዳ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ቢጠብቅ ከታቢው ቡድን ቀኑ ሳይሞቅ ሥራውን ይጨርሳል።

ሦስተኛ፣ መኖ። ኳራንቲን ሲታቀድ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ኮርማ በቀን 9 ኪሎ ያህል ደረቅ ድርቆሽ ያስፈልገዋል። ለ21 ቀን 189 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ለ100 ኮርማ ወደ 190 ኩንታል ድርቆሽ መዘጋጀት አለበት። 30 ኪሎ የሚመዝን በግ በቀን አንድ ኪሎ ያህል ይበላል፤ ለ500 በግ ለ21 ቀን 105 ኩንታል ይፈለጋል። በቆላ ሙቀት ለአንድ ኮርማ በቀን ከ30 እስከ 40 ሊትር፣ ለአንድ በግ ከ3 እስከ 5 ሊትር ውኃ ማሰብ ይገባል። መኖ ያለቀበት ማኅበር እንስሳቱን ወደ ውጭ ግጦሽ ለማውጣት ይገደዳል፤ በወጡበት ሰዓትም ኳራንቲኑ ይፈርሳል። ድርቆሹ ሣሩ ማበብ ሲጀምር ታጭዶ፣ በጥላ ሥር ተከምሮ፣ ከወራት በፊት ይዘጋጅ።

አራተኛ፣ መድኃኒትን በጥንቃቄ መያዝ። ሊሸጥ የተዘጋጀ እንስሳ ሲያስል መድኃኒት ወግቶ ዝም ማሰኘት በገበያ ላይ ይታያል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ምልክቱ ይሸፈናል እንጂ በሽታው ላይጠፋ ይችላል፤ የመድኃኒቱም ቅሪት በሥጋው ውስጥ ይገኛል። የተወጋ እንስሳ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ለእርድ መሸጥ የለበትም።

በሽታ ሲታይ ማሳወቅ ወይስ መደበቅ?

ከሁሉ ከባዱ ጉዳይ ይህ ስለሆነ በግልጽ እንነጋገርበት። የሽያጭ ወቅት በደረሰበት ሰሞን በአንድ መንደር ሁለት ከብት ማንከስና ልጋግ ማዝረብረብ ጀመሩ እንበል። አርቢው ቢያሳውቅ የመንደሩ እንስሳ ለጊዜው ከጭነት ይቀራል። ቢደብቅ ምናልባት ዛሬ ይሸጣል። ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ወይም ዕዳ ለመክፈል ያንን ሽያጭ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። «ንገር» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም።

በመደበቅ የሚመጣውን ግን ማስላት ይገባል። ሁለቱ ከብቶች በኳራንቲን ውስጥ ሲገኙ የሚወድቁት ሁለቱ አይደሉም፤ አብሯቸው ያለው ቡድን በሙሉ ነው። በተቀባዩ ወደብ ቢገኙ ደግሞ የሚወድቀው መርከቡ በሙሉ ነው። ከዚያም በላይ ከሄደ የሚዘጋው የአገሪቱ ገበያ ነው፤ አንዴ የተዘጋ ገበያ ደግሞ ቶሎ አይከፈትም። የዚያን ጊዜ የከሰረው ጎረቤት ወረዳ ያለ ጥፋቱ ነው የከሰረው።

በሌላ በኩል ዓመቱን ሙሉ «በሽታ የለም» እያለ የሚጽፍ ወረዳ ጤነኛ ነው ተብሎ አይታመንም። ሰው ባለበት ጉንፋን እንደማይጠፋ ሁሉ፣ መንጋ ባለበት በሽታ አይጠፋም። ባዶ ሪፖርት የሚያሳየው የሚመለከት ሰው አለመኖሩን ነው። በሽታ ታየ፣ ናሙና ተላከ፣ መንጋው ተለየ፣ ከዚህ ቀን ወዲህ አዲስ ሕመም አልታየም የሚል ሪፖርት ግን ገዥው የሚተማመንበት ማስረጃ ነው። የኢትዮጵያ ሕግም በሽታን ማስታወቅን የአርቢ ግዴታ አድርጎታል፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 267 ይህንኑ ደንግጓል። ግዴታው በቅንነት የሚፈጸመው ግን የተናገረው ሰው ብቻውን የማይጎዳ ሲሆን ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሠራር እንመክራለን።

- ማኅበሩ ከሽያጭ ገቢው ጥቂት ድርሻ እያስቀመጠ፣ በሽታ በማሳወቁ ምክንያት ሽያጩ ለዘገየበት አባል ብድር እንዲሰጥ ቢወስን መልካም ነው።
- የታመመው መንጋ ከሌላው በግጦሽም በውኃም ይለይ። የሚለይበት ቦታ በሽታ ሳይመጣ በፊት በማኅበሩ ስብሰባ ይወሰን።
- የልማት ሠራተኛው ጥርጣሬውን በሰማበት ቀን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያሳውቅ። የበሽታውን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ያየውን ምልክት፣ የታመሙትንና የሞቱትን ቁጥር መናገር ይበቃዋል።
- ሐኪሙ የሚወስደው የደም ናሙና የእንስሳው ቁጥር ተጽፎበት፣ ሳይናጥ፣ በበረዶ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።
- ውጤቱ ሲመጣ ለመንደሩ ይነገር። ናሙና ሰጥቶ መልስ ያላገኘ አርቢ በሚቀጥለው ጊዜ አይጠራንም።
- የተጨነገፈ ፅንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አይነካ፤ በጥልቅ ይቀበር። የታመመ እንስሳ ለሥጋ አይታረድ። ይህን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ እናቶችና እረኛ ልጆች ስለሆኑ ምክሩ ለአባወራው ብቻ ሳይሆን ለእነርሱም በቀጥታ ይድረስ።

ማጠቃለያ

የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ከመንደር እስከ ወደብ የተሠራውን ሥራ ይመሰክራል እንጂ ያልተሠራውን አይፈጥርም። ክትባቱ በወቅቱ ከተሰጠ፣ ቁጥሩ በጆሮ ላይ ካለ፣ ደብተሩ ከተሞላ፣ መኖው ከተዘጋጀና የታየው በሽታ በታየበት ቀን ከተነገረ፣ ሐኪሙ በሙሉ ልብ ይፈርማል፤ ገዥውም ያምናል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወረቀቱ የተጻፈበት ቀለም ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ማኅበር በሚቀጥለው ስብሰባው ሦስት ነገሮችን እንዲወስን እናሳስባለን፤ መዝገቡን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ የታመመ መንጋ የሚለይበት ቦታ የት እንደሆነ፣ በሽታ ሲታይ ለሐኪሙ የሚሄደው መልእክተኛ ማን እንደሆነ። የልማት ሠራተኛውም የመጀመሪያውን ገጽ ከመዝጋቢው ጋር አብሮ ተቀምጦ ቢሞላ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።